ደህና ዋሉ፣ ቦስ!

አጎቷ ከግድግዳው ወዲያ በስልክ እያወራ «እሺ ቦስ» ያለው አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ልጅቷ የሸሚዙን ኮሌታ እየተኮሰች ቆጠረችው፤ መጀመሪያ ላይ ለሳቅ ነበር። አርባ ሠራተኛ የሚያንቀጠቅጥ ሰውዬ፣ በሥራ ቦታ ሲያስል እንኳ ሰው ወገቡን የሚያቀናለት፣ ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ድምፁ ቀጥኖ ሲሰማ ማን አይስቅም? እሱ ለእነሱ ቦስ ነው፤ ለካ ቦስም ቦስ አለው። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ግን ካውያውን ባለበት አቁማ አዳመጠች።

«ማሽኑ እየሠራ እጇን ሰደደች ነው የሚለው ሪፖርቱ... አዎ ቦስ፣ በራሷ ጥፋት... ምስክርማ አለ፣ በሩ ላይ ያለችው ልጅ። የኢንሹራንሱ ሰውዬ ከሰዓት ሲመጣ ትፈርማለች... ኧረ ማንም አይደለችም ቦስ፤ ተራ ሠራተኛ ናት። እሺ ቦስ።»

ሁለቱም በሚሠሩበት ላውንደሪ በሩ ላይ የምትቆመው ልጅ እሷ ናት። ካውያውን ብድግ ስታደርገው ኮሌታው ላይ ጥፍር የምታህል ቡናማ ምልክት ቀርታለች። በጣቷ ብታሻት፣ በምራቋ ብትነካካት አልለቅ አለች። ሸሚዙ አዲስ ነው፤ ዋጋው የእሷን የአሥራ አምስት ቀን ደሞዝ ይነካል።

ቤቱ ሦስት ክፍል ነው። በአንደኛው አጎቷና ሚስቱ ይተኛሉ፤ በሁለተኛው ማንም የማይቀመጥባቸው፣ ፕላስቲካቸው ያልተላጠ ሶፋዎች ይኖራሉ፤ ሦስተኛው ዕቃ ቤት ነው፣ እሷም ከዕቃው አንዷ ናት። አልጋዋ በፍሪጁና በአሮጌ ሻንጣዎች መሐል ተሰክቷል። አታማርርም፤ በዚህ ከተማ አንዲት ክፍል ልከራይ ብትል ደሞዟን ሙሉ ከፍላ ከሌላ ሰው ደሞዝ ግማሹን መለመን አለባት። እናቷ ወደዚህ ስትልካት «ወንድሜ አለልሽ፤ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩት፣ አንቺን አይጥልሽም» ብላ ነበር። እውነትም አልጣላትም። መኝታ ሰጣት፣ ሥራ አስገባት። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቃት። የላውንደሪው ባለቤት ዘመድ መቅጠርን እንደ ሌብነት ነው የሚያየው፤ ከአጎቷ በፊት የነበረው ሥራ አስኪያጅ ከአማቱ ጀምሮ እስከ አማቱ ጎረቤት ድረስ ሰግስጎ ነው የተባረረው። ስለዚህ የቅጥር ፎርሙ ላይ «በድርጅቱ ውስጥ የሥጋ ዘመድ አለዎት?» ለሚለው ጥያቄ አጎቷ ራሱ አጠገቧ ቆሞ «የለኝም» አስባላት። «ከዚህ ቤት በር ስትወጪ እኔ ቦስ ነኝ። አንድ ቀን ካመለጠሽ ሁለታችንም ጎዳና ላይ ነን» አላት። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ እነዚህ ግን በቀን ዘጠኝ ሰዓት የማይተዋወቁ ዘመዳሞች ሆኑ። ማለዳ «አጎቴ፣ ብላ እንጂ» ያለች ምላስ ከአንድ ሰዓት በኋላ «ይቅርታ ቦስ፣ እርስዎ እንዳሉት» ማለት አለባት። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች «ቦስ፣ ቦስ» ትላለች። አጠገቧ የሚቀመጡ ሰዎች የምትጸልይ ይመስላቸዋል።

ቁርስ ላይ አጎቷ የኮሌታውን ምልክት አየ። ሌላ ቀን ቢሆን ጉድ ይፈላ ነበር። ዛሬ ግን አየው፣ ለበሰው፣ ዝም አለ። ይህ ዝምታው ከቁጣው ይልቅ አስፈራት።

«ከሰዓት አንድ ወረቀት አለ» አለ ሻዩን እያማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «ትፈርሚያለሽ።»

«ምን የሚል ነው አጎቴ?»

«የሆነውን የሚል።»

ሚስቱ ከዕቃ ማጠቢያው ዞር ሳትል የቧንቧውን ውሃ ጨመረችው። ልጅቷ ልትጠይቀው የፈለገችው ሌላ ነበር፤ «ማንም አይደለችም» ስትል እኔን ነው? ልትለው ፈልጋ ከንፈሯን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰዋል። እሱ በመኪናው ቀድሞ ወጣ፤ እሷ አሥር ደቂቃ ጠብቃ በእግሯ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወረደች፣ አብረው ሲወጡ የሚያይ እንዳይኖር።

ላውንደሪው የሆቴልና የክሊኒክ አንሶላ የሚታጠብበት ረጅም አዳራሽ ነው። ቆሻሻው በበሩ ይገባል፤ ቀጥሎ ማጠቢያዎቹ፣ ቀጥሎ ማድረቂያዎቹ፣ ቀጥሎ አጣጣፊዎቹ ሴቶች፣ በመጨረሻ ከበሩ አርባ እርምጃ ርቆ ሠራተኛው «ትልቁ ካውያ» የሚለው ማሽን። ሁለት የጋሉ የብረት ጥቅልሎች አንሶላውን በአንድ በኩል ውጠው በሌላው በኩል ተኩሰው ይተፉታል። ጣት ሲነካው ማሽኑን ቀጥ የሚያደርግ ዘንግ ነበረው፤ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል፣ መለዋወጫው ውድ ነው ተብሎ በሽቦ ታስሮ ቀርቷል። አንድ አንሶላ ታጥቦና ተተኩሶ የሚከፈልበት ዋጋ ከአውቶቡስ ቲኬት አይበልጥም፤ ትርፉ ያለው ማሽን ባለመቆሙ ላይ ነው። አጎቷ ሥራ የጀመረ ዕለት ሠራተኛውን ሰበሰበና «የቆመ ማሽን ካየሁ ማሽኑን አልጠይቀውም፤ አጠገቡ ያለውን ሰው ነው የማሰናብተው» አለ። በሳምንቱ ሁለት ሰው አሰናበተ። አንዷ ሽንት ቤት ሄዳ ነበር።

ሰው ደግሞ መላ አያጣም። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ የሚሠራው ሰው ቦስ ሲገባ ጮክ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ ጠዋት «ደህና አደሩ ቦስ!»፣ ከሰዓት «ደህና ዋሉ ቦስ!»። ሲሰሙት አክብሮት ነው፤ ሥራው ግን ማስጠንቀቂያ ነው። «ቦስ» የምትለዋ ቃል ስትሰማ በየማሽኑ አጠገብ ያለ እጅ ሁሉ ማስነሻውን ይጫናል። ያረፈው ይነሳል፣ የቆመው ይዞራል፣ ሥራ አስኪያጁ ሦስተኛ እርምጃውን ሳያነሳ አዳራሹ በሙሉ ያጓራል። ልጅቷ ድምፅ አላት፤ ቆሻሻ አንሶላ ተቀባይ አድርገው በሩ ላይ ያቆሟት ለዚህ ነው፣ «ደወል» ብለው ስም ያወጡላትም ለዚሁ ነው። አጎቷ ነገሩ አልገባውም። «ሠራተኛው ያከብረኛል፤ ገና በር ላይ ሆነው ነው በሰላምታ የሚቀበሉኝ» ብሎ ለሚስቱ ሲነግራት ደወል በጆሮዋ ሰምታለች። አሳዝኗት ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እርጥብ አንሶላ ትልቁ ካውያ ውስጥ ተጠመጠመ። ማስነሻው ጋ የምትቆመው ሴት፣ እጇ ከመፍጠኑ የተነሳ «መብረቅ» የሚሏት፣ ማሽኑን አቆመችው። የመንታዎቹ እናት የምትባለው አንሶላ ተኳሽ ጓንቷን አጥልቃ እጇን በጥቅልሎቹ መሐል ሰደደችና አንሶላውን ትጎትት ጀመር። ደወል ይህን አላየችም፤ ያየችው አጎቷ ሲመጣ ነው። «ደህና አደሩ ቦስ!» አለች እንደ ሁልጊዜው አሳምራ። የመብረቅ እጅም እንደ ሁልጊዜው ሄደ። ከዚያ በኋላ የተሰማውን ጩኸት ደወል ለማንም አውርታው አታውቅም። ሦስት ጣት ነው የሄደው። ሰዉ ሲጠየቅ ሁሉም ያን ሰዓት ወደ ሌላ ቦታ ይመለከት ነበር፤ አርባ ሰው፣ ሰማንያ ዐይን፣ አንድም ያየ የለም። የሰላምታው ነገር ከተነገረ ዘዴው ይጋለጣል፤ ዘዴው ከተጋለጠ የሚባረረው ሰው አይቆጠርም። ስለዚህ ማንም ለደወል «የጠራሽው አንቺ ነሽ» አላላትም፤ መብረቅንም «የተጫንሽው አንቺ ነሽ» ያላት የለም። ሁለቱ ግን ዐይን ለዐይን መተያየት ካቆሙ አራት ሳምንት ሆኗቸዋል። ሰላምታውም አልቀረም። ደወል በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትጠራለች፤ በጠራች ቁጥር ያን ጩኸት ትጠብቃለች። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ አፏን ከመክፈቷ በፊት አንገቷን አስግጋ ወደ ትልቁ ካውያ ማየት ልማድ አድርጋለች። ከርቀቱና ከእንፋሎቱ የተነሳ ሁልጊዜ አይታያትም።

ዛሬ ከአውቶቡስ ወርዳ ስትደርስ የመንታዎቹ እናት ከግቢው ውጭ ግንብ ተደግፋ ቆማ አገኘቻት። ቀኝ እጇን በሻርፗ ጠቅልላዋለች። ዘበኛው እንዳያስገባት ታዟል። ደወል መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

«ዛሬ ከሰዓት ይመጣሉ አሉኝ፣ የኢንሹራንሶቹ» አለች ሴትዮዋ። «አንቺ በሩ ላይ ነበርሽ። ምን አየሽ ይሉሻል።»

«እኔ እኮ ምንም አላየሁም እትዬ።»

«አውቃለሁ፤ አላየሽም።» ሻርፗን አጠበቀች። «አንቺን አልከስም፤ ታዘሽ ነው። ድምፅሽን ግን ሰምቻለሁ። እስካሁንም እሰማዋለሁ።»

ደወል አቀረቀረች። የሰው ፊት እሳት ነው፤ ቀና ብላ ማየት አቅቷት ሻርፑን ብቻ አየች። «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» አለች በመጨረሻ፣ ራሷን ያሳፈራት ጥያቄ።

«ደህና ናቸው። ፀጉራቸውን በግራ እጄ መጎንጎን እየተማርኩ ነው» አለች የመንታዎቹ እናት። ሌላ ነገር ሳትጨምር መንገዱን ተሻግራ ሄደች።

ምሳ የሚበላው በሩ አጠገብ ባለችው የጥገና ጥግ ነው፤ የተቀደደ አንሶላ እየሰፉ የሚውሉት ሽማግሌ ጋ። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታቸው ለመድኃኒት እንኳ አልበቃ ብሎ ነው እዚህ የገቡት፤ ሠራተኛው አሁንም «መምህር» ይላቸዋል። ከስፌት መኪናው ሥር ሽፋን የሌለው መዝገበ ቃላት አላቸው። ምሳ ላይ ሰው አንድ ቃል ይጥላል፣ እሳቸው ይፈቱታል፤ ዳቦ ያለ ወሬ አይወርድም። ትናንት «ሻምፑ» ነበር፣ ከትናንት ወዲያ «ኮንትራት»። ዛሬ ቃሉን የጣለችው ድምቡሼ ናት። ድምቡሼ ጠብደል፣ ሳቂታ፣ በመንታዎቹ እናት ቦታ ትልቁ ካውያ ላይ የተመደበች ሴት ናት።

«መምህር፣ ይቺን ቦስ የምንላትን ነገር ዛሬ ይፍቱልን። ከየት ነው ያመጣናት?»

መምህር መነጽራቸውን አወለቁና በአንሶላ ጫፍ ጠረጉት። «ሆላንዶች ‹ባስ› ይሉ ነበር። የቤቱ ጌታ፣ የሥራው አዛዥ ማለት ነው። አሜሪካ ሄደው ሲሰፍሩ ቃሉን ይዘውት ሄዱ። እዚያ ደግሞ ነጭ ተቀጣሪዎች ነበሩ፤ አሠሪያቸውን ‹ማስተር› ማለት አሳፈራቸው። ‹ማስተር የሚለው ባሪያ ነው፤ እኛ ነፃ ሰዎች ነን› አሉና ‹ቦስ› ማለት ጀመሩ። ሥራው ያው፣ ደሞዙ ያው፣ ቁጣውም ያው። ስሙ ግን ቀለላቸው።»

«እኛንም አቅልሎናል» አለች ድምቡሼ። ሰው ሳቀ።

«ሆላንዶቹስ ከየት አመጡት?» አለች መልሳ።

«እሱ ላይ ሊቃውንቱም አይስማሙም። ጥንት አጎት ማለት ነበር የሚሉ አሉ፤ አይደለም የሚሉም አሉ። እኔ አልምልበትም።»

ደወል የጎረሰችው ዳቦ ትን አላት። ድምቡሼ ጀርባዋን እየደበደበች ውሃ ሰጠቻት። ሽማግሌው ያወቁ መሰላት፤ ሁሉም ያወቁ መሰላት፤ ቀና ብላ ፊታቸውን አንድ በአንድ ቃኘች። መምህር መነጽራቸውን እየሰኩ ነበር፤ መብረቅ እንደ ሰሞኑ ልማዷ ጀርባዋን ሰጥታ ትበላለች። ማንም ምንም አላወቀም። የሌባ ልብ ይሏል እንዲህ ነው፤ ሳይጠሩት አቤት ይላል።

«ሌላም ቦስ አለ» አሉ መምህር፣ ዝም ማለት ስለማይችሉ። «ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ከዚህኛው ጋር ዝምድና የለውም። ጋሻ መሐሉ ላይ እንደ እምብርት የሚያብጥ ብረት አለ አይደል? እሱ ነው። ጋሻውን ከኋላ የጨበጠችውን እጅ እንዳትመታ ይሸፍናል።»

እጅ የሚለው ቃል ሲነሳ ምሳው ሁሉ ቀዘቀዘ። ድምቡሼ የራሷን ጣቶች አየችና ቶሎ ጉያዋ ውስጥ ከተተቻቸው። የሽማግሌው ፊት ተለወጠ፤ ምን እንደነኩ የገባቸው ዘግይቶ ነው። ሁሉም እየተነሱ ፍርፋሪያቸውን አራግፈው ወደየማሽናቸው ሄዱ።

ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት አላልቅ አላት። የሆቴሎቹ ጆንያ መጣ፣ ተቀበለች፣ አንሶላውን ከፎጣው ለየች። እጇ ይሠራል፣ ልቧ ወረቀቱ ላይ ነው። እንዴት ነው የምፈርመው? አለች ለራሷ። አልፈርምም ብትል አጎቷ ይባረራል፤ እሱ ከተባረረ ዕቃ ቤቱም፣ ፍሪጁም፣ እናቷ በየወሩ የምትጠብቀው ገንዘብም የለም። ከፈረመች ደግሞ የመንታዎቹ እናት በገዛ እጇ እጇን የበላች ትሆናለች፤ ደወል የጠራችው ጥሪ በዚህ ምድር ላይ ተጠርቶ አያውቅም ማለት ነው። የሚያስፈራት የቱ እንደሆነ መለየት አቃታት። አንዴ የአጎቷ ዝምታ ነው ትላለች፣ አንዴ የሴትዮዋ ሻርፕ ነው ትላለች። እንደ እውነቱ ከሆነ ልትፈርም ነበር። ድሃ በፍርሃቱ ይፈርማል፤ እሷም ከዚህ የተለየች አይደለችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በመስኮቱ አጎቷ ግቢውን ሲያቋርጥ አየችው። ሰዓቱ አልነበረም፤ አሥር ደቂቃ ቀድሟል። አጠገቡ ቦርሳ የያዘ፣ ዝናብ ባይኖርም የዝናብ ኮት የደረበ ቀጭን ሰውዬ አለ። ደወል ጉሮሮዋን ጠረገች። እንደ ልማዷ አንገቷን አስግጋ ወደ አዳራሹ መጨረሻ አየች።

እንፋሎቱ ገለል ብሎ ነበር። ትልቁ ካውያ ቆሟል። ድምቡሼ ጎንበስ ብላለች፣ ቀኝ ክንዷ እስከ ክርኗ በጥቅልሎቹ መሐል ገብቷል፣ በግራዋ የተጠመጠመውን አንሶላ ትጎትታለች። መብረቅ ማስነሻው ጋ ቆማለች። የአጎቷ እግር ደረጃውን ሲረግጥ ይሰማል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ደወል ሁለት እጇን አንስታ አውለበለበች፤ መብረቅ ግን ወደ እሷ አትመለከትም፤ አራት ሳምንት ሙሉ ላለመተያየት ሲጠነቀቁ ቆይተው አሁን ማን ያያል። ዝም ልበል አለች። ዝም ብትልም አይሆንም፤ እሷ ካልጠራች መሐል ላይ ያሉት አጣጣፊዎች አይተውት ይጠራሉ፤ አንደኛዋ አሁኑኑ ቀና ብላ በሩን ማየት ጀምራለች። ልሩጥ አለች። አርባ እርምጃ ነው። እጀታው ዞረ፤ በሩ ተከፈተ፤ አጎቷ በአንድ እግሩ ገባ፤ የአጣጣፊዋ አፍ ተከፈተ። ደወል የአጎቷን ኮሌታ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችና ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች፤

«አጎቴ፣ ቁም! አትግባ!»

ድምፁ ማጠቢያዎቹን አልፎ አዳራሹ መጨረሻ ደረሰ። ያ ቃል በዚያ ቤት ተሰምቶ ስለማያውቅ የትኛውም እጅ የሚያደርገውን አላወቀም። አጣጣፊዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች። መምህር መርፌያቸውን አንስተው ደረቁ። መብረቅ ዞረች፤ በአራት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ደወልን ዐይኗን አየቻት። ድምቡሼ «ምንድን ነው? ምን መጣ?» እያለች ደንግጣ እጇን መነጨቀችው፤ ጓንቷ ከተጠመጠመው አንሶላ ጋር ውስጥ ቀረ፣ እጇ ባዶውን ወጣ። ብብቷ ሥር ሸጎጠችውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

አጎቷ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የደወል ጣቶች ኮሌታው ላይ፣ ጠዋት ያቃጠለችው ምልክት አጠገብ ናቸው። ፊቱ አንሶላ መስሏል። ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«አጎት?» አለ የኢንሹራንሱ ሰውዬ። ድምፁ ቁጣ የለውም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻል ነበር። «ምስክሯ ይቺ ናት ያሉኝ አይደል? ተራ ሠራተኛ ናት ያሉኝ?»

«እኔ... ይቺን ልጅ...» አለ አጎቷ። ደወል ጠበቀች። ሦስት ዓመት የጠበቀችውን ያህል ሆነባት። «ይቺ ልጅ እንኳ...»

«የድምቡሼ እጅ ማሽኑ ውስጥ ነበር» አለች ደወል። ለማን እንደምትናገር አላወቀችም። «የመንታዎቹ እናት በተጎዳች ቀንም ማሽኑ ቆሞ ነበር። እጇ ውስጥ ነበር። እኔ ጠራሁ፣ ተነሳ።»

«ምን ማለት ነው ጠራሁ?» አለ ሰውዬው። «ሰው ሲጠራ ማሽን ይነሳል እንዴ?»

አርባ ሰው ወለሉን ተመለከተ። ደወልም እንዴት እንደምታስረዳው ጨነቃት፤ የሁሉም ሥራ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ነበር። በዚህ መሐል የአጎቷ ስልክ ጮኸ። ኪሱ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ አያስጮኸውም፤ የላውንደሪው ባለቤት እንደሆነ በድምፁ ያውቀዋል። እጁ በራሱ ሄዶ አወጣው፣ ከጆሮው ገጠመው፤ ማጠቢያዎቹ ስለሚያጓሩ ሌላኛውን ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ጮኸ።

«አቤት ቦስ!»

ትልቁ ካውያ ተነሳ። የተነሳው ብቻውን አልነበረም፤ ሥራ ፈትተው የነበሩት ሁለት ማድረቂያዎችም አብረውት ተነሱ፤ አጠገባቸው የቆሙት ሴቶች እጃቸውን ማስነሻው ላይ ጭነው ተገኙ። መብረቅ የገዛ እጇን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ትመለከተዋለች። ተጠምጥሞ የቆየው አንሶላ ተንቀሳቀሰ፣ ተወጠረ፣ የድምቡሼን ጓንት ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። በሌላው በኩል አንሶላው ወጣ፤ በላዩ ላይ ጓንቱ፣ አምስት ጣቱን ዘርግቶ፣ ተጠፍጥፎ፣ ጫፍ ጫፉ ጠቁሮ። ድምቡሼ እጇን ከብብቷ ሥር ሳታወጣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ታለቅስ ጀመር።

ደወል አርባውን እርምጃ ሄደች። ማንም አላስቆማትም። መብረቅን በትከሻዋ ገለል አደረገቻትና ማሽኑን አጠፋችው፤ ከዚያም ተራ በተራ ማድረቂያዎቹን። ማጠቢያዎቹንም ሌሎች አጠፏቸው። አዳራሹ በሥራ ሰዓት እንዲህ ዝም ሲል አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። በዝምታው ውስጥ ከአጎቷ እጅ፣ ስልኩ ውስጥ፣ ትንሽ የብረት ድምፅ «ሃሎ? ሃሎ? ማነህ አንተ፣ አትሰማም?» ይላል። አጎቷ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ይዞታል። የሚያየው ጓንቱን ነው።

የኢንሹራንሱ ሰውዬ ከቦርሳው አስቀድሞ የተጻፈውን ወረቀት አወጣ፣ አጠፈው፣ መልሶ ከተተው። አንድ ባዶ ወረቀት አወጣና በመምህር የስፌት መኪና ላይ ዘረጋው። ደወል ተመልሳ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ዛሬ ማታ የት እንደምታድር እያሰበች ነበር።

«ከመጀመሪያው እንጀምር» አለ ሰውዬው። «ከሥራ አስኪያጁ ጋር ያለሽ ዝምድና?»

አፏን ከፈተች፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ ምንም አልወጣም። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው አሁንም ይጮሃል። አጎቷ ስልኩን ዘጋው።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለ፣ ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ በሰማችው በዚያ ቀጭን ድምፁ። «የምትነግርዎትን ይጻፉ።»